ስምንት የተደመረበት ሲቪ

በግንቦት 2016 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የጎረቤታችን ልጅ ቢጫ ፋይልና የተማሪ ደብተር ይዛ ቤቴ መጣች። የላከቻት እናቷ ናት፤ «እሱ ሰው ሲቀጥር የኖረ ነው፣ ሲቪሽን ቢያይልሽ» ብላ። እውነቱን ለመናገር ሰው ቀጥሬ አላውቅም። በአንድ የግል ድርጅት የሰው ሀብት ክፍል ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ስቀመጥ ዋናው ሥራዬ መቁጠር ነበር፤ የአመልካቾችን ዲግሪ፣ ነጥብና የሥራ ዓመት እየቆጠሩ ሰንጠረዥ መሙላት። አለቆቼ ያነበቡት እኔ የሞላሁትን ሰንጠረዥ እንጂ ሲቪውን አልነበረም። ይህን ለእናቷ ብነግራት ክብሬ ስለሚቀንስ ዝም አልኩ።

ልጅቷ በሒሳብ አያያዝ የመጀመሪያ ዲግሪዋን የያዘችው በሐምሌ 2011 ዓ.ም. ነው። ከዚያም ዕቃ በሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት ሠራች። የውጭ ምንዛሪ ጠፍቶ ዕቃ መግባት ሲያቆም ድርጅቱ ሠራተኛ ቀነሰ፤ እሷም በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ወጣች። ወደ እኔ ስትመጣ ሥራ ከፈታች አሥራ አራት ወር ሆኗታል።

ደብተሩ ያመለከተችባቸው ቦታዎች መዝገብ ነው። የሒሳብ ሰው መሆኗን ሲቪዋን ሳላይ ያወቅሁት ከዚህ ደብተር ነው፦ በማስመሪያ የተሰመረ፣ ቀኑ፣ መሥሪያ ቤቱ፣ መደቡ፣ የተጠየቀው የሥራ ልምድ፣ በምን እንደተላከ። ሠላሳ አራት መስመር። የመጨረሻው ዓምድ «ተጠራሁ» ይላል፤ ምልክት ያለው አንዱ መስመር ብቻ ነው። እሱም ሽያጭ ላይ ትሠሪ እንደሆነ ብለው የደወሉላት ነው።

«ጋሼ፣ ሰው ከሌለሽ አይቀጥሩሽም ይሉኛል» አለችኝ።

ሰው ያለው እንደሚቀድም አልካድኳትም። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ያየሁት አለ። ነገር ግን ሠላሳ አራቱም ቦታ ላይ ዘመድ ያለው ቀድሟት ነው ብዬ ለማመን ተቸገርኩ። ፋይሉን ከፈትኩት።

በቀብር ላይ የሚነበብ ዓይነት

ሲቪ በአማርኛ ምን ይባላል ብትሉ ብዙ ሰው «የሕይወት ታሪክ» ይላችኋል። በእኛ አገር ደግሞ የሕይወት ታሪክ የሚነበበው በቀብር ላይ ነው። ከአባታቸው ከእገሌ፣ ከእናታቸው ከእገሊት በዚህ ስፍራ ተወለዱ፤ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እዚህ ገቡ፤ ሰው አክባሪ፣ ታታሪና ተግባቢ ነበሩ። የልጅቷ ሲቪ በቁሟ የተጻፈላት እንዲህ ያለ ንባብ ነበር።

ሦስት ገጽ ነው። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ አብዛኛው የግል ድርጅት የሚጠብቀው እንደዚያ ነውና በዚህ ነቀፋ የለኝም። የመጀመሪያው ገጽ ፎቶግራፍ፣ የትውልድ ቦታና ቀን፣ ፆታ፣ ሃይማኖት፣ የጋብቻ ሁኔታ። ከሥሩ ዓላማ፦ «ዕውቀቴንና ክህሎቴን ተጠቅሜ ለራሴም ለድርጅቱም ዕድገት አስተዋጽኦ በማደርግበት ተወዳዳሪ ተቋም ውስጥ መሥራት»። ይህን ዓረፍተ ነገር በሥራ ዘመኔ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት ፈጣሪ ይወቀው፤ እንደ አባታችን ሆይ በቃሌ እወጣዋለሁ። ሁለተኛው ገጽ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የተማረችባቸው ትምህርት ቤቶች ዝርዝር ነው፤ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ውጤቷ ሳይቀር አለበት። በሦስተኛው ገጽ ጫና ችላ እንደምትሠራ፣ በቡድን መሥራት እንደምትወድ፣ መጽሐፍ ማንበብና ፊልም ማየት እንደሚያዝናናት ተጽፏል። ግርጌው ላይ «ከላይ የገለጽኩት ሁሉ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ» ይልና ተፈርሟል።

የሥራ ልምዷስ? ሁለተኛው ገጽ ታች፣ በቋንቋ ችሎታና በኮምፒውተር ችሎታ መካከል፣ አራት መስመር ተሰጥቶታል።

«ማን ጻፈልሽ?» አልኳት። ከሰፈራችን መታጠፊያ ላይ ያለው የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ነው፤ መስኮቱ ላይ «ሲቪ እንሠራለን» የሚል ወረቀት ለጥፏል። ልጁ አንድ የተዘጋጀ ቅጽ አለው፤ ስም እየቀየረ ያትማል። ታታሪውም፣ ጫና ቻዩም፣ ፊልም ወዳዱም ያ ቅጽ ነው። አልፈርድበትም፤ ጸሐፊ ነው፣ የተባለውን ይጽፋል። ያ ሲቪ ግን ከሌላ መቶ ተመሳሳይ ሲቪ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲከመር ምን እንደሚሆን እሱም እሷም አላዩም። ያየሁት እኔ ነኝ።

ሰንጠረዡ

ለአንድ የሒሳብ ሠራተኛ ቦታ ማስታወቂያ ስናወጣ ከአራት መቶ በላይ ማመልከቻ የገባበት ጊዜ ነበር። ማስታወቂያው ሪፖርተር ጋዜጣ ላይ ይወጣል፤ ከጊዜ በኋላ ደግሞ በቴሌግራም ቻናሎች ከእኛ እውቅና ውጭ ይዛመታል። (ድሮ አራት ኪሎ ጋዜጣ በሳንቲም ተከራይቶ የሥራ ማስታወቂያ ቆሞ የሚያነብ ወጣት ብዙ ነበር። አሁን ስልኩን ይዞ ቁጭ ብሎ ያነባል፤ የአመልካቹ ቁጥር ግን በዚያው ልክ ጨምሯል።) ቀነ ገደቡ ሲያበቃ ክምሩ እኔ ዘንድ ይመጣል። በፊቴ ሰንጠረዥ አለ፦ ተራ ቁጥር፣ ሙሉ ስም፣ ፆታ፣ የትምህርት ዓይነትና ደረጃ፣ የተመረቀበት ዓመት፣ ነጥብ፣ አግባብነት ያለው የሥራ ልምድ በዓመትና በወር፣ ማስረጃ መያያዙ፣ ምርመራ። ታታሪነት የሚሞላበት ዓምድ የለም።

አንድ ሲቪ በእጄ ላይ ከሁለት ደቂቃ በላይ ከቆየ ለባለቤቱ መልካም ዜና አይደለም። የምፈልገውን አጥቼ እያገላበጥኩ ነው ማለት ነው። ከዚያ ውስጥ በጣም የሚያስቸግረው የሥራ ልምዱ ዓምድ ነው፤ ሌላው ይገለበጣል፣ እሱ ግን ይቆጠራል። መቁጠሪያ ዓምዱ ላይ «1 ዓመት ከ6 ወር» ከተሞላና ማስታወቂያው ሁለት ዓመት ካለ፣ ምርመራው ላይ «መስፈርቱን አያሟላም» ይጻፋል። ሰውዬው እዚያ ላይ አለቀ፤ የሚቀጥለው ተራ ቁጥር።

ይህን ሁሉ በቃል ከማስረዳት ብዬ ወረቀት ላይ ዓምዶቹን አሰመርኩና እስክሪብቶውን ሰጠኋት። ከደብተሯ አንድ መስመር መረጥን፦ የሒሳብ ሠራተኛ፣ የመጀመሪያ ዲግሪና ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ። «አሁን አንቺ እኔ ነሽ። ይቺን ልጅ አታውቂያትም። ሙዪ።»

ስሟን፣ ፆታዋን፣ ዲግሪዋን ሞላች። የሥራ ልምድ ላይ ስትደርስ ሁለተኛውን ገጽ ገለበጠች። ሲቪው ላይ የሥራ ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኦክቶበር 2021 እስከ ኤፕሪል 2023 ይላል። በጣቷ ቆጠረች፤ ደግማ ቆጠረች። «1 ዓመት ከ6 ወር» ብላ ጻፈችና እስክሪብቶውን አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ እኔ ግን የሠራሁት ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ነው።»

የሥራ ልምድ ደብዳቤዋን ከፋይሉ አወጣን። «ከጥቅምት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. እስከ መጋቢት 30 ቀን 2015 ዓ.ም.» ይላል። ልክ ናት፤ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር አልፎ ስድስተኛው ሊሞላ ቀናት የቀሩት። ታዲያ ሲቪው አንድ ዓመቱን የት አደረሰው?

ጸሐፊው ስምንት ደምሮ ነው። የእኛን ዓመት ወደ አውሮፓውያኑ ለመመለስ ስምንት ይደመራል ብሎ ያምናል፤ ብዙ የተማረ ሰውም እንደዚያ ያምናል። ሐምሌ 2011 ላይ ስምንት ሲደመር 2019 ይሆናል፣ ትክክል ነው። መጋቢት 2015 ላይ ሲደመር 2023፣ ይህም ትክክል ነው። ጥቅምት 2013 ላይ ግን የሚደመረው ሰባት ነው፤ ጥቅምት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ኦክቶበር 13 ቀን 2020 ነበር። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ ሰባት፣ ከታኅሣሥ 23 እስከ ጳጉሜ መጨረሻ ስምንት። (ጳጉሜ ስድስት ቀን በሆነች ማግስት በሚገባው ዓመት ድንበሩ በአንድ ቀን ይቀድማል፤ ሰባት የሚደመረው እስከ ታኅሣሥ 21 ነው።) ሥራ የጀመርንበት ወር ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ከሆነና የወጣንበት ወር ከጥር ወዲህ ከሆነ፣ በስምንት ብቻ የሚቆጥር ሰው ከሥራ ልምዳችን አንድ ሙሉ ዓመት ይቆርጣል። በተገላቢጦሽ ከሆነ አንድ ዓመት ይመርቃል፤ ያ ደግሞ ደብዳቤው ሲታይ ውሸታም ያስብላል።

ደብተሩን እንደገና ቆጠርነው። ከሠላሳ አራቱ ውስጥ ሃያ አንዱ ሁለት ዓመት የጠየቁ ናቸው። አምስቱ ሦስት ዓመት ስለሚሉ ከመነሻውም አይመለከቷትም። ስምንቱ ዜሮ ዓመት የሚባሉት፣ አዲስ ተመራቂ የሚፈልጉ ናቸው። የልቧ ተስፋ የነበሩት ሃያ አንዱ ናቸው፤ በእነዚያ ሁሉ ላይ ራሷ ፈርማ «አንድ ዓመት ተኩል ነው የሠራሁት» ብላለች።

ደብዳቤው ተያይዞ የለም ወይ የሚል ይኖራል። ተያይዟል። ነገር ግን በመጀመሪያው ማጣሪያ ላይ ደብዳቤ ከፍቶ ቀን የሚያመሳክር ብዙ የለም፤ ማስረጃ ተያይዟል በሚለው ዓምድ ላይ ምልክት ተደርጎ ይታለፋል። የሚያመሳክር ትጉህ ቢገኝ እንኳ ከሁለት አንዱ ነው። እሱም በስምንት የሚቆጥር ከሆነ ሁለቱ ወረቀቶች ገጠሙለትና ስሕተቱን ሳያይ አለፈ። በትክክል የሚቆጥር ከሆነ ደግሞ ሲቪውና ደብዳቤው አይገጥሙም፤ በማስረጃ መጭበርበር የተማረረ የቅጥር ሠራተኛ ያልገጠመ ቀን ሲያይ ስልክ አያነሳም።

እኔ ራሴ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ስንቱን እንዲህ አሳልፌ ይሆን? ያን ምሽት ያስጨነቀኝ ይህ ነው። ቀይ እስክሪብቶ ነበረችኝ።

«ስንት ሠራተኛ ነበራችሁ?»

ቀኑን ብቻ አስተካክለን ልንልከው እንችል ነበር። ግን ያ አራት መስመር ዓይኔን ወጋው። «ሒሳብ መመዝገብ፣ ሰነድ ማደራጀት፣ ወርሃዊ ሪፖርት ማዘጋጀት፣ በአለቃ የሚታዘዝ ሌላ ሥራ መሥራት» ይላል። የመጨረሻው ሐረግ ከሥራ መደብ መግለጫ ላይ የተገለበጠ ለመሆኑ ምስክር አያሻውም። መደቡ ላይ ማንም ቢቀመጥ ይኸው ነው የሚጻፈው፤ እሷ ተቀምጣ ምን እንደሠራች አይናገርም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተመልሳ መጣች። ቡና ተፈላ። እኔ እጠይቃለሁ፣ እሷ ትመልሳለች፣ ባለቤቴ ትታዘባለች።

«ደመወዝ ትሠሪ ነበር?»

«አዎ።»

«ስንት ሠራተኛ ነበራችሁ?»

«አርባ ስድስት።»

«ብቻሽን?»

«ከመጀመሪያዎቹ አራት ወራት በኋላ ብቻዬን። የሥራ ግብሩን፣ ጡረታውን፣ ሰባት በመቶውን ከሠራተኛው አሥራ አንዱን ከአሠሪው እያሰብኩ።» ይህን ስትል አልተንተባተበችም። ሲቪዋ ላይ ግን ደመወዝ የሚል ቃል የለም።

የተጨማሪ እሴት ታክስ ማሳወቂያውን በየወሩ ታዘጋጅ እንደነበር፣ ሦስት የባንክ ሒሳቦችን በየወሩ መጨረሻ ታስታርቅ (የድርጅቱን መዝገብ ከባንኩ መግለጫ ጋር ታመሳክር) እንደነበር፣ ሰኔ 30 መጋዘን ገብታ ዕቃ ትቆጥር እንደነበር አንድ በአንድ ወጣ። ሒሳቡ የሚያዘው ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ነው። በሲቪዋ ላይ ፒችትሪ «ኢንተርኔት መጠቀም» ከሚለው ቀጥሎ በኮምፒውተር ችሎታ ሥር ተወሽቋል። የሒሳብ ሠራተኛ ቅጥር ላይ የሚፈለገው ዋናው ነገር ይኸው ሆኖ ሳለ!

ከዚያ አንድ ነገር አመለጣት። በአንድ ወር የባንክ ሒሳብ ስታስታርቅ ለአንድ ሌተር ኦፍ ክሬዲት (ባንክ ለውጭ ሻጭ ክፍያ የሚያረጋግጥበት ሰነድ) የተቆረጠው የአገልግሎት ክፍያ ሁለት ጊዜ መቆረጡን አየች፤ የቀደሙትን ወራት ብትመረምር ሌላም አገኘች። ለአለቃዋ አሳየች፣ ባንኩ ተጻፈለት፣ ገንዘቡ ተመለሰ።

«ይህንንስ ለምን አልጻፍሽውም?»

«ራሷን ታወድሳለች እንዳይሉኝ ነዋ፤ ደግሞ ሥራዬ አይደለም እንዴ?»

እዚህ ላይ ትንሽ ተከራከርን። ያደግነው «ዝም አይነቅዝም» እየተባልን ነው። ልጅ በሰው ፊት ስለ ራሱ ካወራ አፈኛ ይባላል። ይኸው አስተዳደግ ግን «ታታሪ፣ ታማኝና ተግባቢ ነኝ» ብሎ ለመጻፍ አላገዳትም፤ ቅጹ ስላለው የእሷ ውዳሴ ሆኖ አልታያትም። እኔ የምለው የተገላቢጦሽ ነው። «ታማኝ ነኝ» ማለት ራስን ማወደስ ነው። «ሁለት ጊዜ የተቆረጠ ክፍያ አግኝቼ አስመለስኩ» ማለት የሆነን ነገር መናገር ነው፤ ታማኝነቱን አንባቢው ይድረስበት። ባለቤቴ በዚህ ጊዜ ጣልቃ ገብታ «አሁንስ እናቷ መሰልክ» አለችኝና ሦስተኛውን ቀዳች።

የተጻፈው በመጨረሻ ይህን መሰለ፦ «የ46 ሠራተኞችን የወር ደመወዝ፣ የሥራ ግብርና የጡረታ መዋጮ ማዘጋጀት (ከየካቲት 2013 ጀምሮ በብቸኝነት)። ወርሃዊ የተጨማሪ እሴት ታክስ ማሳወቂያ ማዘጋጀት። የሦስት የባንክ ሒሳቦችን በየወሩ ማስታረቅ፤ በዚህ ሥራ በድጋሚ የተቆረጡ የባንክ አገልግሎት ክፍያዎችን ለይቶ ማስመለስ። ሒሳቡ የሚያዘው በፒችትሪ።» ያ የዓላማ ዓረፍተ ነገር ወጥቶ በቦታው ሁለት መስመር ገባ፦ የሒሳብ አያያዝ ዲግሪ፣ በአስመጪ ድርጅት 2 ዓመት ከ5 ወር፣ የምትሠራቸው ሦስት ዋና ሥራዎች። ድምሩን እኛው ቆጥረን ጻፍነው። ቆጣሪው ሊሳሳት የሚችልበትን ቦታ ለምን እንተውለት? ዘመኑም በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ተቀመጠ።

ከምረቃዋ እስከ መጀመሪያ ሥራዋ አሥራ አምስት ወር ያህል ባዶ ነው። ግማሹ የኮሮና ዘመን ነው። በዚያ ጊዜ አጎቷ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ውስጥ የዱቤ መዝገብና የዕቃ መዝገብ ትይዝ ነበር፤ ያለ ደመወዝ፣ የምሳና የታክሲ እየተሰጣት። ደብዳቤ የለውም፣ አጎቷም ማኅተም የለውም። እናቷ ከሥራ ልምዱ ጋር እንዲደመር ፈልጋ ነበር፤ ያኔ ሦስት ዓመት ሞልቶ እነዚያ አምስት ማስታወቂያዎችም ይከፈታሉ። አልተስማማሁም። ማስረጃ የሌለው ልምድ በሰንጠረዡ ላይ ዜሮ ነው፤ ከማስረጃው ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ እውነተኛውንም ያጠራጥራል። ለብቻው «ሌላ ሥራ» በሚል ርዕስ አንድ መስመር ሰጠነው፣ ሳይቆጠር። የአሁኑን አሥራ አራት ወር ግን ባዶውን ተውነው። «በግል አማካሪነት» ብለሽ ሙዪው ያላት ሰው ነበር። ማንን አማከረች?

ደብዳቤው

ሲቪው ላይ የሥራ መደቧ «ሲኒየር አካውንታንት» ይላል። ደብዳቤው «የሒሳብ ሠራተኛ»። ይህም የጸሐፊው ልግስና ነው፤ «እንዲህ ሲባል ያምራል» ብሏታል። ወደ ደብዳቤው መለስነው።

ደብዳቤው ራሱም ጎደሎ ነበር። «በመልካም ሥነ ምግባር አገልግላለች፤ በሄደችበት መልካም ዕድል እንመኝላታለን» የሚል ምርቃት ሞልቶታል፤ ደመወዟ ግን የለም፣ የሥራ ግብር ይከፈል እንደነበርም አይልም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ይከፈል የነበረውን ደመወዝ የያዘ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። የግብሩ ነገር ደግሞ በተለይ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከግል ድርጅት የመጣን ልምድ ለመያዝ የሚጠይቁት ነው። እንድታስተካክል ላክኋት። በመጀመሪያው ቀን ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ነበር። በሁለተኛው ቀን ማኅተም የያዘችው ጸሐፊ ፈቃድ ላይ ነበረች። በሦስተኛው ቀን ተሰጣት፤ ሒሳብ ክፍል የቀድሞ ባልደረባዋ እየተሯሯጠላት።

ሌላው ሌላው ቶሎ አለቀ። ሃይማኖቷ፣ የጋብቻ ሁኔታዋና ሚኒስትሪዋ ወጡ። «ያላገባች» የሚለውን ለማውጣት አቅማማች፤ አሠሪ ያላገባች ሴት ይመርጣል ብላ ታምናለች። እንደዚያ ብሎ የሚመርጥ አሠሪ ዘንድ ባትገቢስ አልኳት። የአባቷ ስም በእንግሊዝኛ በዲግሪዋ ላይ በአንድ መንገድ፣ በፋይዳ መታወቂያዋ ላይ በሌላ ተጽፏል፤ ከሚያያዘው ዲግሪ ጋር እንዲገጥም በዲግሪው ሄድን፣ የአያቷንም ስም ጨመርን። የተመረቀችበትን ዓመት ወደ ላይ አወጣነው፤ በሒሳብ አያያዝ የመውጫ ፈተና የተጀመረው በ2015 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ በፊት የተመረቀ ሰው ዓመቱ ወዲያው ከታየ የፈተናው ውጤት የታለ አይባልም። በስልክ ተነሥተው አሥራ አንድ ሆነው ይላኩ የነበሩት ማስረጃዎች በአንድ ፋይል ተጠቃለሉ፤ የፋይሉም ስም ከ«አዲስ የመጨረሻ 2» ወደ ስሟና ወደምታመለክትበት መደብ ተቀየረ። ሦስት ገጽ የነበረው አንድ ገጽ ተኩል ሆነ። ማመልከቻዋ «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ብሎ ይጀምር ነበር። ተሞክሮ ሳይሆን ተገልጿል አልኳትና ሳቀች፤ ከመጣች ጀምሮ ስትስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ

ከሰኔ 2016 እስከ መስከረም 2017 ዓ.ም. አሥራ አምስት ቦታ አመለከተች። አምስቱ ጠሯት። ሦስት ቦታ የጽሑፍ ፈተና ተፈተነች፤ አንዱን ጊዜው አልበቃትም፣ አንዱን አልፋ ቃለ መጠይቅ ላይ ቀረች። በሦስተኛው፣ የሕክምና ዕቃ በሚያስመጣ ድርጅት፣ አንድ የባንክ መግለጫና አንድ የሒሳብ መዝገብ ገጽ ሰጥተው «አስታርቂ» አሏት። በእርሳስ ሠራችው። ጥቅምት 2017 ላይ ጀመረች፤ ስልሳ የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜዋንም ጨርሳለች።

እናቷ ለጎረቤት ሁሉ «ሲቪዋን ሠርቶላት ተቀጠረች» እያለች ትናገራለች። በሲቪው ብቻ ነው ለማለት አልደፍርም። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ይዘጋል፤ ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ደግሞ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች ሒሳባቸውን ዘግተው የሚያሳውቁበት ጊዜ ነበርና በእነዚያ ወራት የሒሳብ ሰው ይፈለጋል። ቀድሞ ያመለከተችው በአብዛኛው ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ነው። ፈተናውን ያለፈችውም እሷ ናት፤ ሲቪ ባንክ አያስታርቅም። አሥራ አምስቱም ማስታወቂያ ሁለት ዓመትና ከዚያ በታች የጠየቁ መሆናቸውም መረሳት የለበትም፤ ቀድሞ ግን ለማይመለከቷት ሦስት ዓመት ለሚጠይቁ ቦታዎች ስታመለክት ነበር። እኔ የማውቀው፣ በአሥራ አምስቱም ሰንጠረዥ ላይ የሥራ ልምድ ዓምዷ «2 ዓመት ከ5 ወር» ተብሎ መሞላት መቻሉን ነው።

ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄጄ ለልጁ ነገርኩት። አልተቆጣሁም፤ በእኔ ቀይ እስክሪብቶ ላይ ያልተቆጣሁ በእሱ ልቆጣ አልችልም። «ጋሼ፣ ስምንት ነው እኮ፤ ሁሉም ሰው ስምንት ነው የሚለው» አለኝ። አዲስ ዓመት የሚገባው በመስከረም፣ የእነሱ ደግሞ በእኛ ታኅሣሥ 23 ገደማ መሆኑን ጣቴን እያጠፍኩ አስረዳሁት። ሲገባው ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጠና ኮምፒውተሩን አየ፤ በውስጡ ስንት ሰው ሲቪ እንዳለ እያሰበ ይመስለኛል። ከዚያ በትልቁ አተመና ከስክሪኑ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፈው፦ «መስከረም – ታኅሣሥ 22፦ 7። ታኅሣሥ 23 – ጳጉሜ፦ 8።»

ስወጣ ከኋላዬ ጠራኝ። «ጋሼ፣ ጳጉሜ ላይ ሥራ የጀመረ ሰውስ?»

«ስምንት።»

ትንሽ አሰበና «ደመወዝ በሌለው ወር ግን ማን ሥራ ይጀምራል?» አለኝ።